ከምራቁ ናሙና በፊት፦ ለዘረመል ጥናት ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል?

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ተረት ለጎረቤትና ለሽማግሌ ጉዳይ ጥሩ ምክር ነው። ለምርምር ፈቃድ ግን የመጀመሪያው እንቅፋት እሱ ነው። ጋዋን የለበሰ እንግዳ ከከተማ መጥቶ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ከጎኑ ቆሞ፣ «እማማ፣ ለጥናት ትንሽ ምራቅ ይሰጡናል?» ሲል እምቢ የሚሉ እናት ጥቂት ናቸው። ይሉኝታ አለ። እንግዳን ማሳፈር ነውር ነው። ማዳበሪያ ሲታደል ስሜ ይዘለል ይሆን የሚል ፍርሃትም አለ፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም እንጂ። እሺ ይላሉ፤ አውራ ጣታቸው ቀለም ነክቶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ፋይሉ ሙሉ ነው። ፈቃድ ግን አልተሰጠም።

ይህ ጉድለት የዘረመል ጥናት ላይ ሲሆን ይብሳል። የደም ግፊት ለክተው ቢሄዱ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የሰው ዲኤንኤ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል፣ ወደ ዳታ ተቀይሮ ባሕር ይሻገራል፣ ዛሬ ማንም ያላሰበው ጥያቄ ከሃያ ዓመት በኋላ ይጠየቅበታል። ደግሞም የሰጪው ብቻ አይደለም፤ የልጁም የወንድሙም ነው። ስለዚህ ሐኪም ብቻውን አይወጣውም። ቋንቋውን የሚያውቅ፣ የመንደሩን ኑሮ የሚያውቅ፣ ሕግ የሚያውቅ፣ ዳታው የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። አገራችን ውስጥ ይህ ቀድሞ የታሰበበት አንድ በሽታ ስላለ እሱን ይዘን እንሂድ።

ፖዶኮኒዮሲስ ሕዝቡ «ዝሆኔ» ከሚላቸው የእግር እብጠቶች አንዱ ነው። ትንኝ አያመጣውም፣ ትል የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው ላይ ይመጣል። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ይገባሉ፣ ከአካል ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፣ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። በሽታውን ከአፈሩ ጋር በማያያዝ ስሙ የሚነሳው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚታመም ይገመታል። ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የታጠበ ሰው ግን ራሱን ይከላከላል።

ታዲያ ዘረመል እዚህ ምን አገባው? አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ካደጉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፍበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በ2012 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ያወዳደረ ጥናት ምላሹን ኤችኤልኤ በሚባለው፣ የሰውነትን የመከላከል ሥራ በሚመራው የዘረመል ሰፈር አገኘው። ባጭሩ፣ ቆዳው ለዚያ አፈር የሚቆጣ ሰው አለ፤ የማይቆጣም አለ።

ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት ግን ተመራማሪዎቹ ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው ወላይታ ወርደው ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ እዚህ አካባቢ ሰው የሚጠየቀው እንዴት ነው? ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሰዎች ምርምርንና ሕክምናን አይለዩም ነበር። የሚያምኑት ወረቀቱን ሳይሆን ያመጣውን ሰው ነው፤ አካባቢው ላይ ሲያገለግል የኖረ ድርጅት ካለ በእሱ በኩል የመጣ ይታመናል። ትልቁ ስጋት ደግሞ መርፌም ደምም አልነበረም። ታማሚዎች ለጋብቻ የሚገለሉት «በዘር ይመጣል» እየተባለ ስለሆነ፣ የዘረመል ጥናት ያንን ወሬ በሳይንስ ማኅተም ያጸናብናል የሚል ነበር። ይህን ሐኪም ብቻውን ቢሮ ቁጭ ብሎ አያስበውም። ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ የሚባለው አሠራር ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው እየጠራ የመጣው፤ በኢትዮጵያ አዳሙ አዲሴና ሌሎችም ገፍተውበታል።

ዳሰሳው እንዲህ ይሠራል

ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም የጥናቱ ዝርዝር ዕቅድ፣ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ከመግባቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይመደብለት። ከጸደቀ በኋላ የሚሠራ ዳሰሳ ጌጥ ነው፤ ማንም የፈቃድ ቅጹን መልሶ አይከፍትም። አራት ሰው ይበቃል፦ አንድ ሐኪም ወይም ነርስ፣ አንድ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ፣ የአካባቢውን ቋንቋ አፉን የፈታበት ሁለት ሰው፣ ከሁለቱ አንዷ ሴት። ከ15 እስከ 20 ሰው ለየብቻ ማነጋገር፣ ከዚያ ከ6 እስከ 8 ሰው የሚይዙ ጥቂት የቡድን ውይይቶች፤ ወንድና ሴት ለየብቻ፣ ታማሚና ጤነኛም ለየብቻ። የዕድር ዳኛ፣ ቄስ ወይም ፓስተር፣ የባህል ሐኪም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይቀሩ። ተከታታይ ሦስት ሰው አዲስ ነገር ካልጨመረ ይቁም።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ተቀምጦ የሚጠይቅ ቡድን ጤና ጣቢያ የሚመጣን ሰው ብቻ ያገኛል። እግሩ ያበጠ ሰው ግን ሽታውን ፈርቶ፣ ሰው አፍሮ ቤት ይውላል፤ ቤተ ዘመድ ሠርግ እንኳ አይሄድም። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚደረግ ውይይት ደግሞ ስብሰባ ይሆናል፤ ስብሰባ ላይ የሚባለው ደግሞ ይታወቃል። ቡና ከሚፈላበት ቤት ገብቶ መጠየቅ ይሻላል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ሦስተኛው ስኒ ላይ ግን እውነቱ ይወጣል።

የዳሰሳው ውጤት ሁለት ሦስት ገጽ ማስታወሻ ይሁን፦ ምን ሰማን፣ በዚህ ምክንያት ቅጹ ላይ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ቀየርን። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ዳሰሳው አልተሠራም ማለት ነው።

ቃላቱ

እውነተኛው ትግል እዚህ ነው። ኮሚቴዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ትርጉምና የመልስ ትርጉም ነው፦ አንዱ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ሌላው ሳያየው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። ሁለቱም ተርጓሚዎች ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ናቸው። ስለዚህ «በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃደኝነት» ተብሎ ሄዶ ያለ እንከን ይመለሳል። መንደሩ ውስጥ ያለው ሰው ሳይገባው ፈተናውን ያልፋል።

አንዳንዶቹን ቃላት ቀረብ ብለን እንያቸው። «ጂን» ብለው ቢጽፉ ሰሚው ጂኒ ይሰማል፤ «ጂንዎን እንመረምራለን» የተባለ ሰው ወደ ጠበሉ ቢያይ አይፈረድበትም። «ዘር» ቢሉት ደግሞ በዚህ ዘመን ሌላ ነገር ይመጣል፦ የማን ብሔር ነህ ሊሉኝ ነው ይላል። «ዘረመል» ንጹሕ ቃል ነው፤ ችግሩ ከከተማና ከትምህርት ቤት ውጭ የሚያውቀው ጥቂት መሆኑ ነው። ረዘም ቢልም «ከእናት ከአባት የሚወረስ የአካል ጠባይ» ማለት ይሻላል። «ምርመራ» ለሐኪምም ለፖሊስም ያገለግላል። «ናሙና» የቡናና የእህል ነጋዴ ቃል ነው፤ ነጋዴ ናሙና የሚያነሳው ቀሪውን ሊገዛ ነው፣ ስለዚህ «ሌላ ጊዜ ብዙ ሊወስዱ ነው» ብሎ የሚገምት ይኖራል። «በፈቃደኝነት» ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በፈቃደኝነት የሚከፈል መዋጮ ምን እንደሆነ የማያውቅ ገበሬ የለም። በዚያ ፋንታ «ባይፈልጉ ይተዉት፤ ምንም አይቀርብዎትም፤ ማንም አይቀየምዎትም፤ ለቀበሌም አንናገርም» ተብሎ በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር ይነገር።

ፊርማም አለ። ገጠር ውስጥ ሰው የሚፈርመው ለመሬት፣ ለብድርና ለፍርድ ቤት ነው። ፊርማ ዕዳ ያመጣል። ኮሚቴው ከፈቀደ በድምፅ የተቀዳ ቃል ከአሻራ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምስክር ካስፈለገም ሊቀመንበሩ አይሁን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አትሁን፤ ነገ ለልጁ ክትባት የሚሄደው እሷ ጋ ነው። ሰውየው ራሱ የመረጠው ጎረቤት ይሁን።

ቅጹ ሲያልቅ የአካባቢው ስምንት ወይም አሥር ሰው ላይ ይሞከር። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ ገብቶኛል» ነው። ይልቅ፦ «ነገ ጎረቤት ምን ፈልገው መጡ ቢልዎት ምን ይሉታል?» «ይህን ምራቅ ስለሰጡ እግርዎ ይታከማል?» «እምቢ ቢሉን ምን ይቀርብዎታል?» «ከዚህ በኋላ የት የሚሄድ ይመስልዎታል?» ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «አዎ፣ እድናለሁ» የሚል ሰው ከተገኘ ቅጹ ተመልሶ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ምሳሌ ሲመረጥም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለገበሬ ጥሩ የሚመስለው ምሳሌ የስንዴና የዋግ ነው፦ አንዱን የስንዴ ዘር ዋግ ይመታዋል፣ ሌላው ያልፈዋል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ አስረጂውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ግን ገበሬው ዋግ የሚመታውን ዘር ምን ያደርገዋል? ይጥለዋል፣ ሁለተኛ አይዘራውም። ስለዚህ ያ ምሳሌ ሳይታሰብ «ከዚያ ቤት ሚስት አታግባ» እያለ ነው፤ ወላይታ ላይ የተፈራው ስድብ ራሱ ነው። የተሻለው ስለ ፀሐይ ማውራት ነው፦ አንዱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ምንም አይሆንም፣ ሌላውን ራሱን ያመዋል፤ የሚያመው ሰው ባርኔጣ ያደርጋል እንጂ አይጣልም። ምሳሌ ከመውጣቱ በፊት ሰሚው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ይታሰብ።

ዕጣም እንደዚሁ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በተደረገ የእግር እንክብካቤ ሙከራ 696 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ሕክምናውን ወዲያው፣ ገሚሱ ከ12 ወር በኋላ አገኙ። ዕቁብ የገባ ሰው ይህን በደቂቃ ይረዳል፦ ዕጣው ዘገየ እንጂ አይቀርም። ሁለተኛው ቡድን ምንም የማያገኝበት ጥናት ላይ ግን በዕቁብ ማስረዳት ማታለል ነው።

የናሙናው ዕለት

ምራቅ ከደም የሚመረጥበት ምክንያት ተራ ነው። በማጠራቀሚያው ቱቦ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ዲኤንኤውን ስለሚጠብቀው በረዶ አያስፈልግም፤ ደም ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቢቀር ይበላሻል። ብዙ ጊዜ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ አረፋው አይቆጠርም። ከዚያ በፊት ለ30 ደቂቃ ምግብ፣ ቡና፣ ሲጋራ፣ ጫት የለም። ጫቱን ረስቶ የሚመጣ አይጠፋም፤ ቱቦው አረንጓዴ ይሆናል። አረጋውያን አፋቸው ስለሚደርቅ አይቸኮልባቸው፤ ጉንጫቸውን ከውጭ ማሸት፣ ምላስ ላይ ቅንጣት ስኳር ማድረግ ይረዳል። ደም ካስፈለገ 5 ሚሊ ሊትሩ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ማንኪያውን አሳይቶ ይነገር፤ ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ቱቦ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገለባበጥ እንጂ አይናጥ።

ምራቅ ከደም ይቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ተሳስቷል። ምራቅ ስድብም ምርቃትም ነው፤ ሽማግሌ እትፍ እትፍ ብሎ ይመርቃል፣ ጠላት ይተፋል፤ ምራቁን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ መስጠት ደግሞ የሚያስፈራው አለ። ቡድኑ ፊት ማስተፋትም ያሳፍራል። መጋረጃ ይዘጋጅ።

ስለ ስጦታ አንድ ነገር። ለጠፋበት የሥራ ቀንና ለትራንስፖርት መክፈል ተገቢ ነው። ጫማ ግን ይለያል፤ ጫማው መድኃኒቱ ነውና። «ምራቅ የሰጠ ጫማ ያገኛል» ከተባለ እግሩ ያበጠ ድሃ እምቢ የሚልበት አቅም የለውም። የእኛ ፍርድ፦ ጫማውና ማጠቢያው ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት፣ ለሚሰጠውም ለማይሰጠውም እኩል ይታደል። ወጪው ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው እሺ ግን እሺ ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ

አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ነባር የሆነው የሃቫሱፓይ ሕዝብ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስኳር በሽታ ጥናት ብሎ ደም ሰጠ። ደሙ በኋላ ለአእምሮ ሕመም፣ ለዘመዳሞች ጋብቻና ለስደት ታሪክ ጥናት ዋለ፤ የሕዝቡን የትውልድ ትረካ የሚቃረን ነገርም ተጻፈበት። ክርክሩ በ2010 እ.ኤ.አ. በስምምነት ሲያልቅ ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ተከፈለ፤ የቀረው ናሙናም ተመለሰ። በደቡብ አፍሪካ የሳን ሕዝብ ከተመሳሳይ ቅሬታ ተነስቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የራሱን የምርምር ደንብ አወጣ። ለአማርኛ ተናጋሪ የቀረበው ምሳሌ ግን እስራኤል ነው፦ በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በስውር ሲጣል መኖሩን ጋዜጣ ሲያወጣ ኢየሩሳሌም በተቃውሞ ተናወጠች። ያ ምርምር አልነበረም። ነገር ግን የሰጠኸው ደም ካንተ ከተለየ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ለብዙዎች ባዶ ጥያቄ አይደለም።

ስለዚህ ቅጹ ላይ «ለወደፊት ጥናት ይውላል» የሚል አንድ መስመር ስንፍና ነው። ሦስት የተለያዩ ምርጫዎች ይቀመጡ፦ ለዚህ በሽታ ብቻ፤ ለማንኛውም የጤና ጥናት፤ የትውልድና የዝርያ ታሪክንም ጨምሮ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይመርጥም ብለው የሚፈሩ ተመራማሪዎች አሉ። ይሁና፤ ፍርሃቱ ራሱ መልስ ነው። «በፈለጉ ጊዜ መውጣት ይችላሉ» ሲባልም እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ፦ ቱቦው ማቀዝቀዣ ውስጥ እስካለ ይደፋል፣ ዳታው ለሌሎች ተመራማሪዎች ከተላለፈ በኋላ ግን መመለስ አይቻልም። ናሙናው ከአገር ከወጣ የማስተላለፊያ ውሉ ማን እንደሚያስቀምጠው፣ ለስንት ዓመት፣ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ይናገር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ የቡድኑ የሕግ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ያንብበው።

ስም መፋቅም እንደሚታሰበው አይከላከልም። አንድ ቀበሌ ውስጥ አራት ታማሚ ያለበት ቤት አንድ ብቻ ከሆነ «ቤተሰብ 17» ብሎ መጻፍ ማንንም አይደብቅም። ሪፖርት ላይ ከወረዳ በታች ያለ የቦታ ስም አይውጣ።

ይህን ሁሉ ካየን «ታዲያ ቢቀርስ?» የሚል ይኖራል። አይቅር። በ2016 እ.ኤ.አ. በተሠራ ቆጠራ የሰውን ሙሉ ዘረመል በሚቃኙ ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 81 በመቶው አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው 3 በመቶ ነበሩ። ኪሳራውን ኮዴይን በሚባለው የሕመም ማስታገሻ ማየት ይቻላል። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 29 በመቶ ያህሉ ኢትዮጵያውያን፣ ሰውነት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚቀይርበትን ዘረመል በተደራራቢ ቅጂ ይዘው ተገኙ። ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእነዚህ ሰዎች፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ሊበዛ ይችላል። ሳይጠና ቢቀር ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ውጤት መመለስ

ጽሑፉ መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ ብዙ ቡድን መንደሩን ይረሳል። የመመለሻው ስብሰባ በጀቱ ላይ ከመጀመሪያው ይግባ፦ መኪና፣ አስተርጓሚ፣ የቡና ወጪ። የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ይጻፍ፣ ታማሚዎችም አስቀድመው ሰምተው ያርሙት። «በዘር ይመጣል» የሚል ቃል በየትኛውም መልኩ አይግባ። ስብሰባው ላይ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጄስ ይያዝ ይሆን?» መልሱ፦ «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን በሳሙና ከታጠበ አይያዝም ማለት ይቻላል።»

ቀጣዩ ጥያቄም የታወቀ ነው፦ ጫማውን በምን ልግዛ? የልጅ እግር ያድጋል፤ ዘንድሮ የተሰጠው ለከርሞ ይጠበዋል፣ ለታናሹ ይተላለፋል፣ ታላቁ በባዶ እግሩ ወደ ማሳው ይመለሳል። ስለዚህ የጫማው መስመር በጀቱ ላይ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለጥናቱ ዘመን በሙሉ፣ በየዓመቱ አንድ ቁጥር ከፍ እያለ ይያዝ።